ካሜራ በአጋሰስ ጀርባ

በ1868 መባቻ ወደ መቅደላ አምባ ሁለት የተለያዩ ጭነቶች ከሁለት አቅጣጫ ይጓዙ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው ጭነት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚገመተው ይህ መድፍ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ተሠርቶ፣ በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ብዙ መቶ ሰዎች በጠፍር እየሳቡት፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉና መንገድ እየቀየሱ ወራት የፈጀ ጉዞ አድርጓል። ሁለተኛው ጭነት ከቀይ ባሕር ጠረፍ፣ ከዙላ፣ የተነሣው የፎቶግራፍ መሣሪያ ነው። ይህኛው የተጫነው በበቅሎ ሲሆን፣ ባለቤቶቹም የእንግሊዝ ንጉሣዊ መሐንዲሶች ጓድ የ10ኛው ሻምበል ባልደረቦች ነበሩ።

የመድፉ ጉዞ በታሪክ መጻሕፍት በሰፊው ተተርኳል፤ በመድረክም በልብ ወለድም ተነግሯል። የሁለተኛው ጭነት ጉዞ ግን፣ የተገኙት ፎቶግራፎች በየመጽሐፉ እየታተሙ እስከ ዛሬ ሲታዩ፣ እንዴት እንደ ተከናወነ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። ጥያቄው ግን ለመሐንዲስ የተገባ ጥያቄ ነው። አንድ የመስታወት ሰሌዳ ከባሕር ወለል ተነሥቶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ደጋ ወጥቶ፣ ገደል ወርዶና እንደገና ወጥቶ፣ ሳይሰበርና በአቧራ ሳይበላሽ ወደ ጠረፍ መመለሱ በዕድል ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ከዚህም በላይ፣ ከሰሜን ኢትዮጵያ ከተሞችና አምባዎች መካከል የትኞቹ መልካቸው በፎቶግራፍ ተመዝግቦ እንደ ቆየና የትኞቹ ሳይመዘገቡ እንደ ፈረሱ የወሰነው፣ ከፎቶግራፍ አንሺው ምኞት ይልቅ፣ ዕቃው የታሸገበት ሣጥንና ሣጥኑን የተሸከመው አጋሰስ ነው። የጎንደር ዕጣ ይህን በግልጽ ያሳያል።

ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ መጀመሪያ የገባው ከጦር ሠራዊት ጋር አይደለም። ሄንሪ ስተርን የተባለ፣ በትውልዱ ጀርመናዊ አይሁዳዊ የነበረና ወደ ፕሮቴስታንት ሃይማኖት የገባ ሚሲዮናዊ፣ በጎንደር አካባቢ የሚኖሩትን ቤተ እስራኤሎች ለመስበክ በ1859 ሲመጣ ካሜራ ይዞ ነበር። በአገራችን በካሜራ መሥራቱ የታወቀው የመጀመሪያው ሰውም እርሱ ነው። በ1862 ለንደን ላይ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ከፎቶግራፍ የተገለበጡ የቅርጽ ሥዕሎች ይገኛሉ። ፎቶግራፍን ከጽሑፍ ጋር አንድ ገጽ ላይ የማተም ዘዴ በዚያ ዘመን ገና ስላልተስፋፋ፣ ቀራጩ ፎቶግራፉን ፊቱ አስቀምጦ እያየ ምስሉን በእንጨት ወይም በብረት ላይ ይቀርጸው ነበር። ስለዚህ አንባቢው እጅ የደረሰው የካሜራው ዓይን ያየው ሳይሆን፣ ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቅ የእጅ ባለሙያ የተረዳው ነው።

ይኸው መጽሐፍ ስተርንን ከባድ ዋጋ አስከፈለው። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ እናት፣ ኮሶ ትሸጥ ነበር ሲል የጻፈው ቃል በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ተሰማ። ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የነበረው ግንኙነትም እየሻከረ ሄዶ ነበርና፣ በጥቅምት 1863 ስተርን ክፉኛ ተደበደበ፤ ሁለት አገልጋዮቹም በድብደባው ሞቱ። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ሞት በብዙ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል። በ1864 መጀመሪያ ቆንሲሉ ካሜሮን በጎንደር ታሰረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይም እስረኞቹ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። እንዲህ ሆኖ፣ ወደ ጎንደር ካሜራ ያመጣው ሰው በሰንሰለት ተጠፍንጎ መቅደላ ላይ ሲቀመጥ፣ እርሱንና ጓደኞቹን ለማስለቀቅ የተላከው ሠራዊት ደግሞ ሌላ ካሜራ ይዞ መጣ።

የጄኔራል ናፒየር ዘመቻ 13,000 ያህል ወታደሮች፣ 44 ዝሆኖች፣ እጅግ ብዙ በቅሎዎችና ግመሎች የተሰለፉበት፣ በዙላም የባቡር ሐዲድ የተዘረጋለት ነበር። በዚህ ሁሉ ግዙፍ ዝግጅት ውስጥ የፎቶግራፍ ክፍሉ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ሳርጀንት ጆን ሃሮልድ የሚመሩት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩበት። ሥራው ለመሐንዲሶች የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በቻተም በሚገኘው የወታደራዊ ምሕንድስና ትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ከ1850ዎቹ ጀምሮ እንደ አንድ የሙያ ዘርፍ ይሰጥ ነበር። ዓላማውም ለጌጥ አልነበረም። ቀያሹ በየቀኑ በእርሳስ የሚነድፈውን የመንገድ ካርታ በእጅ መገልበጥ ቀናት ስለሚወስድ፣ ካርታውን በካሜራ እያባዙ ለየአዛዡ ማደል ነበር ዋናው ተግባር። ዛሬ የምናደንቃቸው የሰንዓፌ፣ የአዲግራትና የመቅደላ መልክዓ ምድሮች ከዚህ ዋና ሥራ ጎን የተገኙ ትርፎች ናቸው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሣጥኑ ውስጥ እንግባ። በዚያን ጊዜ የሚሠራበት ዘዴ «እርጥብ ኮሎዲዮን» ይባላል። ኮሎዲዮን በናይትሪክ አሲድ የተዘጋጀ ጥጥ በኤተርና በአልኮል ሲሟሟ የሚገኝ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው በንጹሕ መስታወት ላይ ይህን ፈሳሽ እኩል አድርጎ ያፈስሳል፤ ፈሳሹ ሳይደርቅ በጨለማ ድንኳን ውስጥ ሰሌዳውን በሲልቨር ናይትሬት ውሃ ይነክረዋል፤ ብርሃን በማያስገባ ማቀፊያ ከትቶ ወደ ካሜራው ይሮጣል፤ ብርሃን ያስመታዋል፤ ተመልሶ ወደ ድንኳኑ ይገባል፤ ያጥባል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው መስታወቱ እርጥብ ሳለ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ይዞ የሚዞረው ካሜራ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ቤተ ሙከራ ነበር ማለት ነው፦ ካሜራው፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያው፣ ድንኳኑ፣ የመንከሪያ ገንዳዎቹ፣ የኬሚካል ጠርሙሶቹ፣ ሚዛኑ፣ የማተሚያ ወረቀቱ፣ ከሁሉም በላይ መስታወቱ።

የመስታወቱን ክብደት ለማስላት አያስቸግርም። ማጉያ መሣሪያ ገና ስላልተስፋፋ፣ ትልቅ ፎቶግራፍ የፈለገ ሰው ያንኑ የሚያህል መስታወት መያዝ ነበረበት። ለምሳሌ ያህል 25 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሰሌዳ ከግማሽ ኪሎ ይበልጣል፤ መቶው 56 ኪሎ ይሆናል። በዚህ ላይ የሣጥኑን እንጨት ስንጨምር፣ መስታወቱ ብቻውን አንዲት በቅሎን በበቂ የሚጭን ነው። ክብደቱ ግን ከሁሉ የቀለለው ችግር ነው፤ ያመዝን የነበረው መንቀጥቀጡ፣ ሙቀቱና አቧራው ነው።

በዘመኑ የተለመደው አስተሻሸግ የሚከተለውን ይመስል ነበር። መስታወቶቹ በግድግዳው ላይ ፈለግ በተቆረጠለት የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ እያንዳንዱ በየፈለጉ፣ ፊትና ጀርባ ሳይነካካ በቁሙ ይቆማል። መስታወት ተጋድሞ ሲጫን የላይኛው በታችኛው ላይ እየተደገፈ ይሰነጥቃል፤ በቁሙ ሲሆን ግን የእንቅስቃሴው ኃይል በጠርዙ በኩል ያልፋል። ይህን ማንኛውም የመስኮት መስታወት ነጋዴ ያውቀዋል። የኬሚካል ጠርሙሶቹ ክዳን በሰም ይታሸግና በቆዳ ይታሰራል። ወረቀትና እርጥበት የሚጎዳው ኬሚካል በውስጡ ቆርቆሮ በለበሰና ጠርዙ በብየዳ በተዘጋ ሣጥን ይቀመጣል። ለሞቃት አገር የሚሠራ ካሜራ ከጠንካራ እንጨት ይሠራል፤ መገጣጠሚያው በሙጫ ብቻ አይታመንም፤ ሙጫ በሙቀት ይለቅቃልና በናስ ብሎንና በናስ ማእዘን ይጠነክራል። የካሜራው ወናፍ ቆዳ ነውና፣ ሙቀት እንዳያደርቀውና በእጥፋቱ ላይ እንዳይሰነጠቅ ጥንቃቄ ያሻዋል። በወናፉ ላይ የምትገኝ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ስንጥቅ የአንድ ቀን ድካም በሙሉ ታጠፋለች።

ኤተሩ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በባሕር ወለል ላይ በ34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ የዙላ ጠረፍ ደግሞ በበጋ ከዚህ በላይ የሚግል ቦታ ነው። ሠራዊቱ ወደ ደጋ ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛልና ችግሩ የተቃለለ ይመስላል። ነገር ግን ከፍታው በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ የመፍያው ነጥብም አብሮ ይወርዳል፤ በ2,500 ሜትር ላይ ኤተር በስሌት 26 ዲግሪ ግድም ይፈላል። እንግዲህ ቆላ ላይ ሙቀቱ፣ ደጋ ላይ ከፍታው ጠርሙሱን ይፈታተነዋል። በእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ የተተወ ሣጥን ክዳኑን ያስፈነጥራል፤ ክዳኑ ቢጸና እንኳ ኮሎዲዮኑ በትነት ይወፍርና በመስታወት ላይ እኩል አልፈስስ ይላል።

አቧራውም እንዲሁ ተንኮለኛ ነው። በ13,000 ሰውና በሺህ በሚቆጠር ከብት የሚረገጥ የበጋ መንገድ ምን ያህል አቧራ እንደሚያስነሣ የአገሩን ደረቅ ወራት የሚያውቅ ሁሉ ይገምታል። አንዲት የአቧራ ቅንጣት በእርጥቡ ኮሎዲዮን ላይ ስታርፍ ባለ ጭራ ኮከብ የመሰለ ነጠብጣብ ትታ ትቀራለች። በሲልቨር ናይትሬቱ ገንዳ ውስጥ ከገባች ደግሞ የምታበላሸው አንዱን ሰሌዳ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚነከረውን ሁሉ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው ሠራዊቱ ባረፈበትና ነፋስ ባልተነሣበት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም በማለዳ መሆን ነበረበት። ውሃም ያስቸግራል፤ ጨው ያለበት የጉድጓድ ውሃ ከብሩ ጋር ተዋህዶ ነጭ ዝቃጭ ያወጣል። በዙላ የመጠጥ ውሃ እጥረት ስለ ነበረ የባሕር ውሃ በመርከብ ላይ ማሞቂያ እየተነነ ይጠራ ነበር። ለወታደሩ ጣዕም የለሽ የሆነው ይህ ውሃ ለፎቶግራፍ ግን እጅግ የተስማማ ነው።

የአጋሰሱ ነገር ሰፊ ነው። በቅሎ የምትጫነው በሁለት ወገን ነውና፣ ሁለቱ ሣጥኖች እኩል መመዘን አለባቸው። ሚዛኑ የተዛባ ጭነት ኮርቻውን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፤ ጀርባዋ ይገጠባል፤ በቁልቁለት ላይ ደግሞ ጭነቱ ዞሮ ከሆዷ ሥር ይገባል። ከእህል ጋር ቢሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ከመስታወት ጋር ግን የጉዞው ፍጻሜ ነው። ዘመቻው በተጀመረባቸው ወራት በዙላ የተሰበሰቡት በቅሎ ነጂዎች ከግብፅ፣ ከፋርስ፣ ከሕንድና ከሌላም አገር የተቀጠሩ፣ እርስ በርሳቸው የማይግባቡ፣ ብዙዎቹም የአጫጫን ልምድ የሌላቸው ነበሩ። በዚህ ላይ በሽታ ብዙ ከብት ፈጀ። ሠራዊቱ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ሲሄድ ከአካባቢው ሕዝብ እህል መግዛትና ስንቁን የሚያጓጉዙ ሰዎችና ከብቶች መቅጠር የግድ ሆነ። የደጋው ሰው መጫኛውን እንዴት አድርጎ እንደሚያጠብቅ፣ ድልድሉን የት ላይ እንደሚያሳርፍ፣ ዳገት ሲሆን ወደ ፊት፣ ቁልቁለት ሲሆን ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት በምን እንደሚይዝ ከልጅነቱ ያውቃል። የናፒየርን መኮንኖች ስም እስከ ታናሹ ድረስ የመዘገቡት የዘመቻው ሰነዶች የእነዚህን ሰዎች ስም አልመዘገቡም።

እዚህ ላይ ከመንገዳችን ጥቂት ወጣ ብለን አንድ ነገር ብንጠቅስ አይከፋም። ተሰባሪንና ረቂቅ ነገርን ከአቧራና ከንቅንቅታ ጠብቆ ማጓጓዝ በሰሜን ኢትዮጵያ ከካሜራው ጋር የመጣ ጥበብ አይደለም። የብራና መጽሐፍ በእንጨት ገበታው መካከል ተጠርዞ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በልኩ በተሰፋ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ይገባል፤ የማኅደሩ ክዳን ከላይ ወርዶ አፉን ይሸፍናል፤ በማንገቻው በትከሻ ይያዛል ወይም በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ስፌቱ በልክ ስለሆነ መጽሐፉ በውስጡ አይንቀሳቀስም፤ ቆዳው ግጭትን ያበርዳል፤ መሰቀሉም ከመሬት እርጥበትና ከአይጥ ያድነዋል። ከጨው ቦታ የሚመጣው አሞሌም እንዲሁ ነበር፤ ከተሸረፈ ዋጋው ስለሚቀንስ በጥንቃቄ ታስሮ ይጫን ነበር። አውሮፓዊው ባለ ፈለግ ሣጥን ያደርግ የነበረውን፣ ማለትም ዕቃውን በልኩ መያዝ፣ እንቅስቃሴ መከልከልና ከላይ መሸፈን፣ ማኅደሩ ከብዙ ዘመን በፊት ያደርገው ነበር።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ሠራዊቱ ከዋድላ ደጋ ሲደርስ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው፦ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፎቻቸውን ለማሳለፍ ያሠሩት ሰፊ መንገድ። ይህ መንገድ 1,000 ሜትር ያህል ጥልቀት ወዳለው ወደ ጅዳ ሸለቆ በመጠምዘዝ ወርዶ፣ በወዲያኛው ወገን ወደ ደላንታ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ በሽሎ ይወርዳል። መሐንዲሶቹ በተዳፋቱ አቀያየስ እንደ ተደነቁ ዘጋቢዎቹ ጽፈዋል። ባሩድና ዶማ ይዘው በአገር ሰው ጉልበት የተሠራው ያ መንገድ ባይኖር ኖሮ፣ የእንግሊዝ መድፎችና ሣጥኖች ጅዳን ለመሻገር ምን ያህል ቀን እንደሚፈጅባቸው መገመት ይከብዳል። ንጉሠ ነገሥቱ ለሴባስቶፖል ያስጠረጉት ጎዳና የጠላታቸውን መስታወት ያለ ስብራት አሳለፈ። በመጨረሻው ምዕራፍ ናፒየር የመኮንኑንም የተራ ወታደሩንም ጓዝ እጅግ አሳንሶ፣ ድንኳን እንኳ ብዙ ሰው ለአንድ እንዲሆን ባዘዘ ጊዜ፣ የፎቶግራፍ ሣጥኖቹ አለመቅረታቸው ለሥራው የተሰጠውን ግምት ያሳያል።

በሚያዝያ 10 ቀን 1868 በአሮጌ ውጊያ ሆነ። በሚያዝያ 13፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ካሜራው በአምባው ላይ በሮቹን፣ ጎጆዎቹንና የገደሉን ግንባር አነሣ፤ ከእስር የወጡት አውሮፓውያንም በፊቱ ቆሙ። ንጉሠ ነገሥቱን ግን አላገኛቸውም። ሞተው ሳሉ መልካቸውን በእርሳስ የነደፈው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ነው፤ በሕይወት ሳሉ እንደ ተነሡ የሚረጋገጥ ፎቶግራፍ የለም። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በአንጻሩ፣ እንግሊዝ አገር በደረሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለችው ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ ፊት ቀርቧል።

ስተርን ነፃ ወጥቶ ሄደ። ከመቅደላ የወጣው ግን እስረኛ ብቻ አልነበረም። በአምባው ከነበረው ሀብት የተዘረፈው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደና በጨረታ ተሸጠ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ላቋቋሙት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው ነበሩ። የጎንደር መጻሕፍት እንግዲህ፣ ከመቅደላ ፎቶግራፎች ጋር በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዓይነት አጋሰስ ወደ ዙላ ወረዱ።

ጎንደር ራሷስ? የዘመቻው መንገድ ከከተማይቱ በስተምሥራቅ እጅግ ርቆ ስለሚያልፍ፣ ካሜራው ወደ እርሷ አልደረሰም። ያን ጊዜ ጎንደር በ1866 መጨረሻ ላይ በዐፄ ቴዎድሮስ ከተቃጠለች ዓመት ከጥቂት ወር ሆኗት ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ደርቡሾች ገብተው የተረፈውን እንደገና አቃጠሉ። ከሁለቱ ቃጠሎዎች በፊት የአብያተ ክርስቲያናቱ ጣሪያ፣ ግድግዳና የውስጥ ሥዕል ምን ይመስል እንደ ነበር ለማወቅ የሚፈልግ የእድሳት ባለሙያ ዛሬ በእጁ ያለው የተጓዦች ጽሑፍ፣ ጥቂት የእጅ ንድፍና ከእሳት የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት። ለመቅደላ፣ አንድ ሰሞን ብቻ ዋና ከተማ ለሆነች አምባ፣ የመሐንዲስ ጥራት ያለው ማኅደረ ፎቶግራፍ ሲኖር፣ ከ200 ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ለነበረችው ከተማ የለም። መስታወት የሚጫነው ሠራዊት ባለበት መንገድ ብቻ ነበርና ነው።

ይህን የቀየረው የኬሚስትሪ እርምጃ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ማዶክስ በ1871 በጄላቲን የሚሠራውን ደረቅ ሰሌዳ አስተዋወቀ። ሰሌዳው ቀድሞ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ የጨለማው ድንኳን፣ ኤተሩና የብሩ ገንዳ ከጭነቱ ወጡ። በ1888 ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን ባለ ጥቅል ካሜራ ሲያወጣ መስታወቱም ለብዙ ተጓዦች ቀረ። ከእንግዲህ የበቅሎ ጭነት የነበረው በአንድ ሰው ትከሻ የሚንጠለጠል ሆነ። እንግሊዛዊው አዳኝ ፓወል ኮተን በ1900 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በጎንደር አልፎ፣ በሰሜን ተራሮች ዋልያ ፍለጋ ወጥቶ፣ በምጽዋ በኩል ሲመለስ ከጠመንጃው ጋር ካሜራ የነበረው ያለ ምንም የመንግሥት ጓድ ነው። የ1906ቱ የጀርመን የአክሱም ጉዞ አባል የነበረው አርክቴክት ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ግን አሁንም በትልልቅ ሰሌዳ ሠርቷል፤ ሐውልትን ለመለካት የሚያገለግል ፎቶግራፍ ምስሉ የማይሸበሸብ መሆን አለበትና፣ መስታወትን ከነክብደቱ መርጧል። የእርሱን ምርጫ ዛሬም ቢሆን የሚነቅፍ ቀያሽ አይኖርም።

ፊልም ሲመጣ አቧራው አልቀረም፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ደግሞ አዲስ ጠባይ ያዙ። ፊልም ሰሪዎች ለሞቃት አገር የሚላከውን በታሸገ ቆርቆሮ ያቀርቡ ነበር። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግን ተጓዡ ራሱ መድረቅያ ማዘጋጀት ነበረበት። እርጥበት የሚስበው ሲሊካ ጄል በስፋት ከመታወቁ በፊት በሩቅ ምሥራቅና በሌላም አገር ተጓዦች የተቆላ ሩዝ ከፊልሙ ጋር በጣሳ ይዘጉ ነበር፤ ቆሎ ለምን እንደማይሻግት የሚያውቅ ሁሉ ምክንያቱን ይረዳዋል። የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ከ1926 እስከ 1927 የላከው ጓድ ጎንደርንና ሰሜንን በበቅሎ ሲያቋርጥ፣ የፎቶግራፍና የፊልም መሣሪያ፣ የአእዋፍና የእንስሳት ቆዳ፣ የሠዓሊው የሉዊስ አጋሲዝ ፉርተስም የውሃ ቀለም ሥዕሎች በአንድነት ተጭነው ነበር። የሥዕሎቹ ዕጣ ያስገርማል። ዳገቱንና ገደሉን ሁሉ በደኅና ካለፉ በኋላ፣ ፉርተስ አገሩ በተመለሰ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር መኪናው ከባቡር ጋር ተጋጭቶ እርሱ ሲሞት፣ ከእርሱ ጋር የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ግን ሳይጎዱ ተገኙ። ሙዚየሙም በ1930 አሳትሟቸዋል።

ከአምስት ዓመት በኋላ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ ከሱዳን በኩል በመተማ ገብቶ በሐምሌ 1932 ጎንደር ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥም ቆየ። ይህ ጓድ የገባው በክረምት ነውና ጠላቱ አቧራ ሳይሆን ጭቃና ሻጋታ ነበር። በመላው የአፍሪካ ጉዞው ወደ 6,000 የሚጠጋ ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ ፊልምና የድምፅ ቅጂም ይዟል። ነገር ግን በጎንደር ሰዎች ዘንድ የሚታወሰው በሌላ ጭነት ነው። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ከግድግዳው ተላቅቀው፣ ታሽገው፣ ወደ ፓሪስ ተወሰዱ፤ በቦታቸውም የጓዱ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ጥንታዊዎቹ ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። አስተሻሸጉ የተዋጣ እንደ ነበር መካድ አይቻልም፤ ከጎንደር እስከ ፓሪስ ያለውን መንገድ ችለው ደርሰዋልና። ካሜራ በሣጥን ውስጥ እያለ ከቅጂ ይልቅ ዋናውን መጫን ለምን አስፈለገ የሚለው ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም።

የጎንደር ግንቦች ከፊሎቹ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተጠግነዋል፤ በ1941 ጦርነትም የቦምብ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ፋሲል ግቢ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህም ልዩ ልዩ እድሳት ተካሂዷል። በእያንዳንዱ እድሳት የሚነሣው ክርክር አንድ ነው፦ ይህ ኖራ የማን ነው፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ወይስ የ1930ዎቹ? ከወረራው በፊት የተነሡት ፎቶግራፎች እዚህ ላይ ሰነድ ይሆናሉ። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ የተገኙትም ሣጥኑ ከበቅሎ ወደ ትከሻ ከወረደ በኋላ ነው።

ዛሬ ፊልሙም ቀርቶ ምስሉ በአንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ በኤሌክትሪክ ይጻፋል፤ አቧራው ግን እዚያችው ሰሌዳ ላይ ያርፋል፤ በሰማዩ ላይም ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ከመተማ ቆላ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደባርቅ የገባ ካሜራ በማለዳ ከሰሜን ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ሌንሱ ያልበዋልና፣ በታሸገ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ሙቀቱ እስኪስተካከል ድረስ ማቆየት ግድ ነው። የእንጨቱን ሣጥን የተካው የፕላስቲክ ሣጥን በክዳኑ ዙሪያ የጎማ ጓርኒሲዮን አለው፤ ውስጡም በመሣሪያው ልክ በተቆረጠ ስፖንጅ የተሞላ ነው፤ ማኅደሩ በቆዳ ያደርገው እንደ ነበረው ማለት ነው። የጭላዳና የዋልያ ፊልም ለማንሣት ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የሚወጡ ጓዶች መኪናው ከሚቆምበት በላይ ይህንኑ ሣጥን የሚያስጭኑት በበቅሎ ነው። ጫኙም ሁለቱን ሣጥኖች በእጁ አንሥቶ ይመዝናል፤ ልዩነት ካገኘ መንገዱ ላይ ድንጋይ መርጦ ከቀሊሉ ወገን ያስርና መጫኛውን ያጠብቃል።